ዐፄ ቴዎድሮስና የሰባ ኩንታሉ ጉዞ

ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬን ደጋግሞ ሲይዝ የሚሸተው የተቃጠለ ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የፍሬኑ ሸራ ከብረት ጋር እየተፋተገ ሲግል ነው። ሰበታና ቡራዩ ያሉ ጋራዦች ቢኬድም ሥራው ያው ነው፤ ያለቀ ሸራ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ የተሰነጠቀ ብረት። ይህን ሁሉ የሚያመጣው ሰበቃ ይባላል። በአገራችን ታሪክ ከሰበቃ ጋር እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ ትግል የገጠመ ንጉሥ ያለ አይመስለኝም።

ካሣ ኃይሉ በቋራ በ1811 ዓ.ም ገደማ ተወለደ። ከሽፍትነት ተነስቶ አካባቢውን ከያዘ በኋላ በ1840 ዓ.ም በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። ጀግንነት ሳይጎድለው ያሸነፈው መድፍና የሠለጠነ ወታደር ነበር። ይህ ቁጭት ከልቡ አልወጣም። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥም ሐሳቡ መድፍ ላይ ነበር።

ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መሣሪያ እንዲሠሩላቸው አስገደዱ። ሙከራው ብዙ ጊዜ ከሽፎ በመጨረሻ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ከታወቀችው የሩሲያ ከተማ ነው።

ታዲያ መድፉን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ማንቀሳቀሱ ሌላ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኩሎምብ በሮሽፎር የመርከብ መሥሪያ ባደረገው ሙከራ፣ ጭነት በጨመረ ቁጥር ሰበቃም በዚያው ልክ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1781 አሳይቶ ነበር። ይህን ለማወቅ ግን መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ሰባ ኩንታል ብረት ራሱ ያስተምራል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ጭነቱን መቀነስ፣ ወይ የሚሄድበትን መንገድ ማሻሻል። አንድ ወጥ መድፍ ደግሞ አይከፋፈልም። ስለዚህ የቀረው መንገድ መሥራት ነበር።

በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መድፉ በጋሪ ላይ ተጭኖ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ይጎተታል። ፊት ፊቱ ድንጋይ ይፈለጣል፣ ገደል ይደለደላል። ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ግን ቀላል አልነበሩም። ዳገት ላይ ሰው ክብደቱንም ሰበቃውንም ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰበቃው ሲያንስ ጋሪው ጎታቹ ላይ ይመጣል። ቅድም ባልነው መኪና ላይ ፍሬን የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠራው የሰው ክንድ ነበር። ሴባስቶፖል መቅደላ የደረሰው በመጋቢት፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

በዚያው ጊዜ የናፒየር ጦር ከዙላ ተነስቶ ይመጣ ነበር። እንግሊዞቹ ጭነታቸውን ለበቅሎ፣ ለግመልና ከህንድ ላመጧቸው አርባ አራት ዝሆኖች አከፋፍለውታል። መሬት ለመሬት የሚጎተት ሸክም ሳይሆን በጀርባ የሚሄድ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም አሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው አለፉ። ያን ያህል የተደከመለት መድፍ ድል አላመጣም፤ እስካሁንም እዚያው መቅደላ አለ።

ለሽንፈቱ ምክንያት ሰበቃ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ንጉሡ በኃይል ብዛት ሕዝቡን አስመርረው፣ ግዛታቸው ወደ ሰፈራቸው ጠቦ ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ ያለቀው የጋሪው እግር ብቻ አይደለም። የተራበና የደከመ ሰው ጉልበትም አልቋል፤ ብዙው ሠራዊትም ከድቷል። ሰውን ሳያሳርፉ ስድስት ወር መጎተት እንደ ብረቱ ሁሉ ሰውንም ይሰነጥቃል።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል ምስል ቆሟል። በዚያ የሚያልፍ ሰው መድፉን ያያል፤ ገመዱንና መንገዱን አያይም። የጎተቱት ሰዎች ስምም አልተጻፈም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ታላላቅ ሰዎች ስንጽፍ ማን ሠራው ብለን እንጠይቃለን። ማን ጎተተው ብለን መጠየቅም ሊለመድ ይገባል።