አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንና ከላይ የምትመጣው ጥበብ



ጥበብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ብዙ መጻሕፍት ያነበበን ወይም አንደበቱ የሰላን ሰው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን በመልእክቱ በሦስተኛው ምዕራፍ ጥበብን የሚለካት በንግግር ሳይሆን በኑሮ ነው። ከላይ የምትመጣው ጥበብ ንጽሕትና ሰላም ወዳድ፣ ምሕረትም የሞላባት መሆኗን ያስተምራል፤ ቅንዓትና አድማ ባለበት ግን ሁከት እንጂ ጥበብ እንደማይገኝ ያስረዳል። ይህች ጥበብ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ምን እንደምትመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን የምናስበውን የአባታችንን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ መመልከት ይበቃናል።

የአባ ሰላማ የቀድሞ ስሙ ፍሬምናጦስ ነው። ቤተ ሰቦቹ ዛሬ በሊባኖስ አገር የምትገኘው የጢሮስ ከተማ ሰዎች ነበሩ። ታሪኩን ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሩፊኖስ ሲሆን፣ ነገሩን የሰማው ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ መሆኑን ይመሰክራል።

ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ዘመዶቹ የሆኑትን እነዚህን ሁለት ልጆች እያስተማረ ወደ ሩቅ አገር ይዟቸው ሄደ። ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ በአንድ ወደብ ቆመች። በዚያ ወራት የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለ ነበር መርከቢቱን ወረሩ፤ መምህሩንና አብረውት የነበሩትንም ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ያገኟቸውም ሰዎች አዘኑላቸውና ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ንጉሡ ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይነቱን አይቶ የግምጃ ቤቱንና የጽሕፈቱን ሥራ ሰጠው። በኋላ ዘመን አነጋገር በጅሮንድም ጸሓፌ ትእዛዝም ሆነ ማለት ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የመምህራቸው ደም ገና ሳይደርቅ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ መካከል የተጣሉ ልጆች ቂም ቢይዙ ማን ይፈርድባቸዋል? የንጉሡን ገንዘብ የሚቆጥር እጅ፣ የንጉሡን ደብዳቤ የሚጽፍ ብዕር ሊበቀል ቢፈልግ መንገድ አያጣም ነበር። ፍሬምናጦስ ግን ያን ሒሳብ በታማኝነት ያዘ። ዮሴፍ በግብፅ፣ ዳንኤል በባቢሎን እንዳደረጉት ሁሉ፣ ባልመረጠው አገርና ባልመረጠው ሥራ ላይ እግዚአብሔርን አገለገለ። ጥበቡም የተጀመረው በዐውደ ምሕረት ላይ ሳይሆን በመዝገብ ፊት ነው። በኋላ የወንጌል በር የተከፈተለት በዚያ ሒሳብ ስለ ታመነ ነው።

ንጉሡ ሲሞት ለሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ወደዱት እንዲሄዱ ነጻነት ሰጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ ሕፃን ስለ ነበር እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ ይልቁንም ፍሬምናጦስን። እርሱም ለአገሩ ናፍቆት ሳይሸነፍ የንጉሥ ልጅ ሞግዚት ሆኖ ቀረ። ይህ ሁለተኛው ፈተና ነበር። ትናንት ምርኮኛ የነበረ ሰው ዛሬ ሥልጣን ሲያገኝ ራሱን ይረሳል፤ ዘመዱን ይሾማል፤ ጎተራውን ይሞላል። ፍሬምናጦስ ግን ለንግድ ወደ አክሱም ከሚመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን ፈልጎ አገኘና በየቦታው ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ስፍራ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው፤ ለሕንጻ የሚሆን ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አሟላላቸው። የተሰጠው ሥልጣን የምእመናን መጠጊያ ሆነ። ልጁም ባደገ ጊዜ ወንድማማቾቹ የያዙትን ሁሉ በታማኝነት አስረከቡ። ሥልጣንን መቀበል ለብዙዎች ቀላል ነው፤ ሳያጎድሉ መልሶ ማስረከብ ግን የጥበበኛ ሰው ሥራ ነው።

እናትና ልጅ እንዲቆዩላቸው ቢለምኗቸውም ሁለቱ ወንድማማቾች ተሰናብተው ወጡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ፤ በኋላም በዚያ ቅስና ተቀበለ። በዚህ አንነቅፈውም፤ ለቤተ ሰብ መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። ፍሬምናጦስ ግን የእናቱን ቤት ትቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ። ክርስቲያኖቹን ያለ ጳጳስ፣ የተተከለውንም ያለ ጠባቂ ትቶ ወደ ቤቱ መግባት አልሆነለትም።

ለእኛ ለወጣቶች ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ፍሬምናጦስ በአክሱም የሚታመን፣ በቤተ መንግሥት የሚሰማ ሰው ነበር። በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ካህን ነኝ ቢል ማንም አይከለክለውም ነበር። እርሱ ግን የጎደለውን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወደ ቅዱስ አትናቴዎስ ቀርቦ የሆነውን ሁሉ ተረከለትና ብቁ የሆነ ሰው መርጦ እንዲሾምላቸው ለመነው። የመጣው ለሌላ ሰው ሹመት ሊለምን ነበር። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር ከመከረ በኋላ ከራሱ ከፍሬምናጦስ የሚሻል ሰው ስላላገኘ እርሱኑ ጵጵስና ሾሞ ወደ ኢትዮጵያ መለሰው። አትናቴዎስ በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው በ328 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሢመቱ ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያች ትሕትና የተጀመረው የእስክንድርያና የኢትዮጵያ ግንኙነት ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘችበት እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ከ1,500 ዓመት በላይ ጸና።

ፍሬምናጦስ ከተመለሰ በኋላ ሕዝቡ የሰላም አባት፣ ብርሃንን ገላጭ ሲል ጠራው። በአገራችን ትውፊት በእርሱ ዘመን ያመኑት ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ናቸው፤ ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ ኢዛናና ሣይዛና ይሏቸዋል። በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ ቀድሞ ይቀረጽ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ።

የመጨረሻው ፈተና ከውጭ መጣ። በ356 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንትዮስ አርዮሳውያንን ደግፎ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደ። ከዚያም ለኢዛናና ለሣይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ በተተካው ጳጳስ ዘንድ እንዲመረመርና እምነቱን እንዲያስተካክል እንዲልኩት ጠየቀ። በዚያ ዘመን ከሮም ንጉሠ ነገሥት ጋር መጣላት ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸንታ ቀረች። ሰላም ወዳድ ማለት እውነትን አሳልፎ የሚሰጥ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን ሱቅ ውስጥ ሚዛን የሚይዝ አለ፤ በመሥሪያ ቤት ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ በመጋዘን ዕቃ የሚያስረክብ፣ ገና በትምህርት ላይ ያለም አለ። ጥበብን ከእግዚአብሔር ስንለምን ምናልባት ታላቅ ራእይ እንጠብቅ ይሆናል። ጥበብ ግን ነገ ጠዋት በዚያው ሚዛንና በዚያው ደረሰኝ ላይ ትጠብቀናለች። የበደለንን አለቃ ሥራውን በማበላሸት እንበቀለው ወይስ በታማኝነት እናገልግል? በማኅበራችን ሹመት ስናገኝ ለማን እንጠቀምበት? ጊዜው ሲደርስስ ሒሳቡን ሳናጎድል እናስረክብ ይሆን? የማናውቀውን ሲጠይቁን ከራሳችን ፈጥረን እንመልስ ወይስ ወደ አባቶች ሄደን እንጠይቅ? ፍሬምናጦስ እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰው በኑሮው ነው።

ዘወትር ጠዋት ወደ ሥራችንና ወደ ትምህርታችን ከመውጣታችን በፊት፣ ለዚያች ቀን ሥራ የሚበቃንን ጥበብ ከእግዚአብሔር እንለምን፤ ማታም በምን እንደዋልንበት ራሳችንን እንመርምር። የአባታችን የአባ ሰላማ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።