አበበ ቢቂላና የልቡ እርጋታ

ሰው በእግሩ ብርታት ብቻ አይቀድምም፤ ልቡም ሊረጋ ያስፈልገዋል። ይህንንም የሯጩ የአበበ ቢቂላ ታሪክ ያስረዳል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ካደገም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን ሰው ሩጫ አሠለጠነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ የማራቶን ውድድር ሆነ። መንገዱም ከ42 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ። ከመነሣቱም በፊት 26 ቍጥር የለበሰውን የሞሮኮ ሯጭ እንዲጠብቅ ተነግሮት ነበር። ራዲ ቤን አብደሰላም የተባለው ያ ሰው ግን በዚያ ቀን 185 ቍጥር ለብሶ ነበር። ስለዚህ የአበበ ዓይን 26 ቍጥርን ሲፈልግ፥ የሚፈራው ባላጋራ ከጐኑ ይሮጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን፥ ቀድሞኛል ብሎ በድንጋጤ ያለ ጊዜው ፈጥኖ ኃይሉን በጨረሰ ነበር። አበበ ግን እርምጃውን ሳያዛባ አስቀድሞ በልቡ የቈረጠውን ስፍራ ጠበቀ። ይህም ከአክሱም ተወስዶ በዚያን ጊዜ በሮማ ቆሞ የነበረው ሐውልት ነው፤ ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። አበበ እዚያ በደረሰ ጊዜ ፍጥነቱን ጨምሮ ባላጋራውን ቀደመ። ሩጫውንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ተወዳደረ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ገና አምስት ሳምንት ያህል ነበር። እርሱ ግን ሁሉን ቀድሞ ከጨረሰ በኋላ፥ ሌሎቹ ገና በመንገድ ሳሉ፥ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ስለ ታመመ ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። አበበ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በእንግሊዝ አገር ሲታከም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ማስፈንጠር ተማረ፥ ለውድድርም ቀረበ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በሩጫም ሆነ በፈተና ቀን፥ ባልንጀራው የት ደረሰ ብሎ የሚታወክ ልጅ የራሱን ሥራ ይረሳል። አበበ ግን የራሱን እርምጃ ጠበቀ። እግሮቹ በከዱት ጊዜም የልቡ እርጋታ አልከዳውም።