ጣሃ ሁሴን፦ በሌሎች ዓይን አንብቦ የትምህርት ሚኒስትር የሆነው ግብፃዊ

ጣሃ ሁሴን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ከካይሮ በስተደቡብ በሚገኘው የሚንያ ግዛት ተወለደ። ከ13 ልጆች 7ኛው ነበር። ገና በሕፃንነቱ ዓይኑን ታመመ። ያከመው የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ ከዚያ ሕክምና በኋላ ልጁ ዳግም አላየም።

የመንደሩ የቁርኣን ትምህርት ቤት ግን አልመለሰውም። ትምህርቱ በጆሮ ተሰምቶ በቃል የሚያዝ ስለነበር፣ ከሚያዩት ልጆች ጋር ተቀምጦ ቁርኣንን በቃሉ አጠና። የኢትዮጵያን የቆሎ ትምህርት ቤት የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ብዙም አይደነቅም፤ እዚያም ዓይነ ስውራን ተምረው መምህራን ሆነዋል።

በ1902 ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወደ አል-አዝሃር ሄደ። የመግቢያ ፈተናውን የሚሰጠው ሼክ የጠራው በስሙ ሳይሆን በዓይነ ስውርነቱ ነበር። ይህ ቃል ለዓመታት አልወጣለትም። ትምህርቱ አልከበደውም፤ የከበደው ከትምህርቱ ውጪ ያለው ነው። ከማደሪያው እስከ መስጊዱ ብቻውን መሄድ አይችልም፤ ወንድሙ ከጓደኞቹ ጋር ሲያጠና እሱ በክፍሉ ለረጅም ሰዓት ብቻውን ይቀመጣል። ቀኑ የተለወጠው የአክስቱ ልጅ ለትምህርት ካይሮ መጥቶ መንገድ ሲመራውና መጽሐፍ ሲያነብለት ነው።

በ1908 የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ወደዚያ ተሻገረ። በ1914 የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዶክትሬት አገኘ፤ ያጠናውም እንደ እሱ ዓይነ ስውር የነበረውን ባለቅኔ አቡል-ዓላ አል-መዓሪን ነው። ሆኖም ፈረንሳይ ልኮ እንዲያስተምረው ዩኒቨርሲቲውን ሲጠይቅ መጀመሪያ እምቢ ተባለ። ደጋግሞ ጠይቆ ሄደ። በሞንፔሊየ ከተማ ሱዛን የተባለች ወጣት ታነብለት ጀመር፤ በ1917 ተጋቡ። በፓሪስም በኢብን ኸልዱን ላይ ሁለተኛ ዶክትሬቱን ሠራ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ጽናት ተደርጎ ይነገራል። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ትምህርት ቤቶቹ መቀመጫ ሰጡት፤ ዓይን ያዋሱት ግን የአክስቱ ልጅ፣ ሚስቱና ጸሐፊዎቹ ናቸው። እነዚህን ያላገኘ ልጅ በዚያው በር ገብቶ የት ሊደርስ ይችል ነበር?

በ1926 ስለ ጥንታዊው የዓረብ ግጥም ያሳተመው መጽሐፍ ከባድ ውዝግብ አስነሳ፤ በ1932 ከሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ዲንነቱ ተነሳ። ልጅነቱን የተረከበት «አል-አያም» ግን በዓረቡ ዓለም ከሚወደዱ መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ይህንንም እየተናገረ ሌላ ሰው ነው የጻፈለት።

በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን አስቀረ። ዕውቀት እንደ ውኃና አየር ለሁሉም ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ብዛቱ ጥራቱን ይጎዳል ያሉት ወገኖች ተቃወሙት፤ እሱ ግን በሩን ከፍቶ ማስፋቱን መረጠ። ክፍያው መነሳቱ ለድሃው ልጅ ትልቅ ነገር ነበር። ለማያየው ልጅ ግን በሩን ካለፈ በኋላ የሚያነብለት ሰው ወይም የብሬል መጽሐፍ ያሻዋል።

ጣሃ ሁሴን ጥቅምት 1973 ካይሮ ውስጥ አረፈ። ከ21 ዓመታት በኋላ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔኗ ሳላማንካ ተሰብስበው፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ፣ ልዩ ፍላጎት ላላቸውም ተጨማሪውን ድጋፍ እዚያው እንዲሰጡ ተስማሙ። የአክስቱ ልጅና ሱዛን በፍቅር ያደረጉት ነገር በወረቀት ላይ የትምህርት ቤት ግዴታ ሆነ።