ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና የንባብ ሕግ

ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው በደብረ ኤልያስ በ1880ዎቹ የተወለዱት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በይበልጥ የሚታወቁት በቴአትር ደራሲነታቸው ነው። የድርሰታቸው ሥር ግን በጎጃም የቅኔ ቤት የተተከለ ነበር።

በዚያ ሥርዓት ተማሪ ቅኔ ከመቍጠሩ አስቀድሞ ንባቡን ያቀናል፤ ቅኔ ቤት ከገባ በኋላም ግሥ ያጠናል። ፊደል መለየት ብቻ አይበቃውም። ቀደሰ ተነሽ ስለ ሆነ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደል ይነሣል፤ ይቄድስ በሳድስ ስለሚጨርስ ሰያፍ ይባላል፤ ቅዳሴ ወዳቂ፣ ቅዱስ ደግሞ ተጣይ ነው። ቀደሰና ቅዱስ በጽሕፈት እኩል ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው፤ በአፍ ግን የመጀመሪያው ሦስት ቀለም ሲሆን ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ሳድስ ከፊተኛው ፊደል ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሁለት ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ ፊደሉ አያሳይም፤ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ ነው።

ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመምህርነት ሲያገለግሉ፣ በቅኔ የሠለጠነውን ጆሮ ይዘው በአማርኛ ለመድረክ መጻፍ ጀመሩ። በአማርኛም ቢሆን ችግሩ ያው ነው፤ ይሰማል የሚለው ግሥ ሲላላ ሰሚውን፣ ሲጠብቅ የሚሰማውን ነገር ያመለክታል። ተዋናዩ ከሳተ ተመልካቹ ነገሩን ያጣል። በ1916 ዓ.ም. ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዮፍታሔ ቴአትሮች ዜማ ሲያዘጋጁ ግን ሌላ ፈተና ተጨመረ። በአውሮፓ ስልት የተደረሰ ዜማ ለእያንዳንዱ ቀለም ድምፅ ይመድባል፤ ስለዚህ ሳድሱን ያለ ቦታው ማስረዘም ቃሉን ይሰብረዋል። ናልባንዲያን ዜማውን የደረሱለት፣ እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜ የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙርም ግጥሙ የዮፍታሔ መሆኑ በሰፊው ይነገራል።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ከድርሰቶቻቸው ብዙዎቹ በሕይወታቸው ሳሉ አልታተሙም። ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ የሕይወት ታሪካቸውንና የተበታተኑ ጽሑፎቻቸውን በትጋት ባይፈልጉ ኖሮ፣ ለተከታዩ ትውልድ የሚደርሰው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር።

ይሁንና የተረፈው ወረቀት ነው፤ ቃሉ በመድረክ እንዴት እንደ ተነሣና እንደ ወደቀ ወረቀቱ አይናገርም። የደብረ ኤልያስ መምህራን ንባብን ለአፍና ለጆሮ አደራ የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የዮፍታሔን ድርሰት ለተማሪ የሚያነብ መምህርም ያንኑ አደራ ተቀባይ ነው።