አልፍሬድ ቬርነር

አልፍሬድ ቬርነር እ.ኤ.አ. በ1866 በአልዛስ፣ ሙሉዝ በተባለችው ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን ኮባልት፣ አሞኒያና ክሎሪን ተዋሕደው የሚሰጧቸው ባለቀለም ውሁዶች ውስጣዊ አቀማመጥ ለሊቃውንት እንቆቅልሽ ነበር። ታዋቂው የዴንማርክ ሊቅ ዮርገንሰን አሞኒያው እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥሎ ከኮባልቱ ጋር ይያያዛል ብሎ ያምን ነበር። ቬርነር ግን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ስድስት ተጓዳኞች ኮባልቱን በየአቅጣጫው ከበው ይያዛሉ ሲል ጻፈ። አሳቡ አዲስ፣ ማስረጃውም ጥቂት ስለ ነበር ተቃውሞ ገጠመው።

ስለዚህ ከሚዮላቲ ጋር ሆኖ ውሁዶቹን በውሃ እያሟሙ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነታቸውን ለኩ። ስንቱ ክሎሪን በውሃው ውስጥ ነጻ እንደ ወጣ፣ ስንቱስ ከኮባልቱ ጋር እንደ ቀረ ከልኬቱ ታወቀ። በብር ናይትሬት ሲፈተንም ነጭ ዝቃጭ ሆኖ የሚወርደው ነጻው ክሎሪን ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ፈተና ቀረ። እንደ ቬርነር አሳብ፣ አራት አሞኒያ ያለው ውሁድ በአረንጓዴና በሐምራዊ መልክ መገኘት ነበረበት፤ የታወቀው ግን አረንጓዴው ብቻ ነበር። ቬርነር በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ፍለጋውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሐምራዊውን ሠርቶ አሳየ፤ ዮርገንሰንም መሸነፉን በቅንነት አመነ።

ቬርነር እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1919 ዐረፈ። የሁለቱ ሊቃውንት ክርክር ሳይንስን ጠቀመ፤ አንዱ ሲሞግት ሌላው ሲመረምር እውነቱ ወጥቷልና።