ዊልያም ጊልበርት

ዊልያም ጊልበርት (እ.ኤ.አ. 1544 – 1603) እንግሊዛዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በተለይ የሚታወቀው ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት መሆኗን በሙከራ አስደግፎ በማስረዳቱ ነው።

የተወለደው በእንግሊዝ አገር በኮልቸስተር ከተማ ነው። በካምብሪጅ በቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ተምሮ በ1569 የሕክምና ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ በለንደን ሐኪም ሆኖ ሠራ። በ1600 የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዝዳንት፣ በዓመቱም የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ሐኪም ሆነ። ስሙን ያስጠራው ግን በ1600 በላቲን ያሳተመው «ስለ ማግኔት» የተሰኘው መጽሐፉ ነው።

በዘመኑ ነጭ ሽንኩርት የማግኔትን ኃይል ያጠፋል፣ አልማዝ ብረትን ማግኔት ያደርጋል ይባል ነበር። ጊልበርት ሁለቱንም ሞክሮ ሐሰት ሆነው አገኛቸው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን የሚዞረው የሰሜን ኮከብ ስለሚስበው ነው የሚሉም ነበሩ።

ይህን ለመመርመር ከተፈጥሮ ማግኔት ድንጋይ ኳስ አስጠርቦ «ቴሬላ» ማለትም ትንሿ ምድር ብሎ ሰየመው። ትንሽ መርፌ በላዩ እያስቀመጠ አቅጣጫዋን ሲያሰምር መስመሮቹ በሁለት ተቃራኒ ነጥቦች፣ ማለትም በዋልታዎቹ ላይ ተገናኙ። እዚህ ድረስ ያለውን ፈረንሳዊው ፒተር ፔሪግሪነስ በ1269 ጽፎት ነበር። የጊልበርት ድርሻ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ መርፌዋ በኳሱ ወገብ ላይ ትጋደማለች፣ ወደ ዋልታው ስትጠጋ እያዘነበለች ትሄዳለች፣ ዋልታው ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የመርከብ መርፌም በምድር ላይ ወደ ታች እንደሚያዘነብል ሮበርት ኖርማን በ1581 አሳትሞ ስለነበር ጊልበርት ሁለቱን አገናኛቸው።

ማግኔት ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ወይም ቅርጽ የለሽ ስብርባሪ ቢሆንም ሁለት ዋልታ እንዳለው ጽፏል። ለሁለት ቢቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ሰሜንና ደቡብ ይኖረዋል። ሰሜኑን ብቻ ነጥሎ መውሰድ አይቻልም።

ውጩ በሙሉ ሰሜን የሆነ ኳስ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ይመጣል። ትናንሽ ማግኔቶችን ደቡባቸውን ወደ ውስጥ አዙሮ ቢያጣብቋቸው በየክፍተቱ ደቡብ ብቅ ይላል፤ ኳሱ ያለ ምንም መዛነፍ ቢሠራ ደግሞ ኃይሉ ተጣፍቶ ከውጭ ምንም አይገኝም። በአንጻሩ ሁለቱም ጫፎቹ ሰሜን፣ መሐሉ ደቡብ የሆነ ዘንግ መሥራት ይቻላል። ዙሪያውን ተከትሎ የተመገነጠ ቀለበት ደግሞ ጨርሶ ዋልታ የለውም፤ ይህ እንግዳ ቢመስልም እውነት ነው።

ጊልበርት ምክንያቱን አላወቀም፤ ማግኔት ነፍስ ያለው ይመስለው ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ ባለ ሁለት ዋልታ ማግኔት እንደሆነ ስለሚታወቅ መቁረጡ ለምን እንደማይለያቸው ግልጽ ነው። ፖል ዲራክ በ1931 ባለ አንድ ዋልታ ቅንጣት ከኳንተም ሕግ ጋር እንደማይጋጭ ቢያሳይም እስካሁን አልተገኘም።

የተሳሳተበትም አለ። ኮምፓስ በአንድ ቦታ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጥበት መጠን አይለወጥም ብሎ ነበር፤ ሄንሪ ጌሊብራንድ ግን በ1635 በለንደን እንደሚለወጥ አሳየ።

ጊልበርት በ1603 ሞቶ በኮልቸስተር ተቀበረ። ለሐኪሞች ኮሌጅ ያወረሳቸው መጻሕፍት፣ መሣሪያዎችና ማዕድናት በ1666 በለንደን ታላቅ ቃጠሎ ጠፉ።