ዶክተር አክሊሉ ለማና የአዋሽ ሸለቆ ቢልሃርዚያ

የእንዶድን ሳይንሳዊ ጥቅም ለዓለም ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዓድዋ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ቢልሃርዚያ የአዋሽ ሸለቆም በሽታ ነው። ይህንን ቀድመው በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1969 በሸለቆው ስላለው ቢልሃርዚያ፣ ወደፊት በጤናና በኢኮኖሚ ላይ ሊያስከትል ስለሚችለው ጉዳት ጭምር፣ ጥናት አሳትመዋል።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ደረጃ ተምረው፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ተመራምረዋልም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወራጅ ውኃ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያ ትል እጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልምና፣ በየቤቱ የሚታወቀው የልብስ ማጠቢያ ፍሬ በሽታውን ከምንጩ ለመግታት የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ።

በሽታውን ውኃው ዳር ማስቆም ለምን እንደሚሻል የሚያስረዳው በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። እጩ ቆዳን ሰርስሮ ሲገባ ሰውነት እንደ አለርጂ ባለ ማሳከክና ሽፍታ ይመልሳል። ከሳምንታት በኋላ፣ በተለይ በሽታው ቀድሞ ይዞት በማያውቅ ሰው ላይ፣ ፀረ እንግዳ አካላት ከትሉ ቁሶች ጋር ተጣምረው በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ ትኩሳትና ድካም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ትልቁ ትል ግን ከሰውየው ደም በወሰዳቸው ቁሶች ራሱን ሸፍኖ ከሰውነት መከላከያ ይሰወራልና፣ በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል።

ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከእንቁላሎቹ ነው። ሴቷ ትል ያለማቋረጥ ከምትጥላቸው እንቁላሎች ከፊሎቹ በሰገራ ወይም በሽንት ሲወጡ፣ የቀሩት በጉበት፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ይቀረቀራሉ። ነጭ የደም ሴሎች እያንዳንዱን እንቁላል ከበው እንደ እባጭ ያለ ግድግዳ ይሠሩበታል። ግድግዳው መጀመሪያ የእንቁላሉን መርዛም ፈሳሽ በመግታት ሰውነትን ይጠቅማል። ምላሹ ከመጠን አልፎ ለዓመታት ሲቀጥል ግን ጤናማው አካል በጠባሳ ይተካል። ጉበት ይጠነክራል፤ ደም እንደ ልብ ማለፍ ሲሳነው ጣፊያ ያብጣል፤ በጉሮሮ ቧንቧ የተወጠሩት የደም ሥሮች ሲፈነዱም በሽተኛው ደም ያስታውካል። በሽንት በኩል የሚመጣው ዓይነት ደግሞ ሽንትን ከደም ይቀላቅላል፤ ፊኛን ይጎዳል፤ ውሎ አድሮም ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ባለቤቱን ሊጠብቅ የተሰለፈው መከላከያ ራሱ ቤቱን አፍራሽ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለቱም ዓይነት ቢልሃርዚያ በአዋሽ ተፋሰስ ይገኛል። የአንጀቱ በላይኛው አዋሽ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ አካባቢ፣ የሽንቱ ደግሞ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ይታወቃል። ከአዋሽ ከተማ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ገላፊ የሚዘልቀው መንገድ እስከ ሚሌ ድረስ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ይጓዛል። ቀንድ አውጣ የተኛ ወይም በዝግታ የሚፈስ ውኃ ስለሚስማማው፣ የመስኖ ቦይና ረግረግ ባለበት ሥፍራ ገበሬው፣ እረኛውና ልብስ አጣቢዋ ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። በዓድዋ ለ5 ዓመታት ውኃው በእንዶድ ሲታከም፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህም ሆኖ እንዶድ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም፤ ስለ ደኅንነቱ ተጨማሪ ምርመራ እየተጠየቀ ዓመታት አለፉ። እርሳቸውም የአፍሪካ ተመራማሪዎች ሥራ የሚገባውን አመኔታ እንደማያገኝ ሳይታክቱ ሲሞግቱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ለዓመታት የተጠራቀመውን ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ስለዚህ ሽንቱ ወይም ሰገራው ደም የተቀላቀለበት ሰው ሳይዘገይ በጤና ተቋም ሊመረመር ይገባዋል። ከሕክምናውም በፊት፣ ዶክተር አክሊሉ ዘመናቸውን ሙሉ እንዳስገነዘቡት፣ ውኃውን መጠበቅ ይቀድማል።